ሽባባው ሰዓት የመረጠበት ወር

የጣና ዳር ሰው አንዲት አጭር አባባል አለችው። ጣራው እያፈሰሰ መጋረጃ የሚያማርጥ ሰው ሲያይ ይላታል። ሙሽራዋ ሳትጠየቅ ድንኳን የሚከራይ ሲያጋጥመውም ይላታል። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ሲሰማት ግን ግር ይለዋል፤ ታሪኳን ካልነገሩት ትርጉሟ አይገባውም። ታሪኳ ደግሞ የጥንት አይደለም። ባለታሪኩ ዛሬም በሕይወት አለ፣ ጠዋት ጠዋት በባሕሩ ዳር ያልፋል። ሰላም በሉት፣ ይህን ነገር ግን አታንሱበት፤ ሆዱ ይባባል።

ስሙ ሽባባው ነው፤ የስፖርት መምህር። አባቱ ከደንገል ቄጠማ በታሰረ ታንኳ ከዘጌ ቡናና እንጨት እያመላለሱ ነው ያሳደጉት፤ ስለዚህ ጠመኔውን ከማስቀመጡ ወደ ባሕሩ ነው የሚሮጠው። አባቱ ሲሞቱ እርሻም ቤትም አልተዉለትም። የተዉለት ባሕሩ ዳር ካለው ዋርካ ፊት ለፊት ያለችውን የታንኳ ማድረቂያቸውን ነው። ለማያውቃት ሰው ሁለት የተተከሉ ባላዎችና አንድ አግዳሚ እንጨት ናት። ለሚያውቃት ግን በዚያ ዳርቻ እንደ እሷ ያለ ቦታ የለም፤ የጠዋቱ ፀሐይ ቀድሞ እሷ ላይ ያርፋል፣ የማታውም መጨረሻ ላይ ነው የሚለያት። የደንገል ታንኳ እኮ እንደ እንጨት ጀልባ ውሃ ላይ አስረውት የሚሄዱት ዕቃ አይደለም። ከባሕር ሲወጣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ውሃውን ያንጠባጥባል፣ ፀሐይ ይሞቃል። ያለዚያ ደንገሉ ውሃ ይጠጣል፤ የጠጣ ታንኳ ደግሞ ይከብዳል፣ ሲብስም ባለቤቱን ይዞ ይወርዳል። ይህን በዚያ ዳር የተወለደ ሁሉ ያውቃል። ሽባባውም ያውቃል፤ የሚያናድደውም ይህ ነው።

የሽባባው ቁስል አንድ ነበር። ማንም አያምነውም።

«በታንኳ ከዘጌ እዚህ በሦስት ሰዓት ውስጥ እገባለሁ» ይላል።

«በሕልምህ ነው?» ይለዋል ዘለቀ። ዘለቀ የሚስቱ ወንድም ነው፤ ዓሣ አስጋሪ፣ ነገር ፈላጊ፣ ደግሞም ሳቁ የሚያናድድ።

አንድ ቀን በጎረቤት የክርስትና ድግስ ላይ ይኸው ጨዋታ ተነሳ። ጠላውም ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ደርሶ ነበር። ዘለቀ ሳቀ፣ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ተከትሎት ሳቀ፣ ሽባባው ደሙ ፈላ።

«እንወራረድ» አለ።

«በምን?»

«በፈለግከው።»

ዘለቀ ጢሙን ዳበሰ። «እኔ አዲሱን መረቤን አስይዛለሁ። አንተ የአባትህን ማድረቂያ።»

የሽባባው ሚስት እማዋይሽ ከማዶ ሆና ይህን ስትሰማ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «ሽባባው፣ ተው» አለች። ይሄኔ ቢተው ኖሮ ታሪክም ተረትም አይኖርም ነበር። ሰው መሀል «ተው» የተባለ ወንድ ግን መቼ ይተዋል።

ዳኛ እንዲሆኑ አያ እንድሪስ ተመረጡ። የዚያ ዳርቻ ታንኳ ሁሉ ከእሳቸው እጅ የወጣ ነው፤ ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው ሲሰጡ ስድሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ቀኑ ከሠላሳ ቀን በኋላ ባለው ቅዳሜ እንዲሆን ቆረጡ።

«ጊዜውን ማን ይይዛል?» ሲሉ ጠየቁ።

«እኔ ሰዓት እገዛለሁ» አለ ሽባባው። «ተራ ሰዓት አይደለም፣ ጂፒኤስ ያለው። የሄድኩበትን መንገድ፣ የፈጠንኩትን ፍጥነት፣ ሁሉን ይጽፋል። ሰው ይዋሻል፣ እሱ አይዋሽም።»

«ይሁን» አሉ አያ እንድሪስ። «እሱ ይመስክር።»

በማግስቱ ሽባባው ገበያ ወዳለው ወደ መላኩ ሱቅ ሄደ። መላኩ የስልክና የሰዓት ነጋዴ ነው፤ አፉ ቅቤ።

«ለባሕር የሚሆን፣ የማይሰበር ሰዓት» አለው ሽባባው።

«አለ። ፈረንጆቹ ሰሌዳ ላይ ቆመው ሞገድ የሚጋልቡበት ነው። ስንት ሞገድ እንደጋለብክ ይቆጥርልሃል። ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓትም ይነግርሃል።»

«ጣና በቀን ይሞላል ይጎድላል እንዴ?»

«አይሞላም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልኛል?»

«አለው መባሉስ?» አለ መላኩ።

ሽባባው ይህ ነገር ልክ መሰለው። ብቻ መላኩ ወዳጁ ነውና «ወስደህ ሞክረው፣ ካልተስማማህ መልሰህ ሌላ ውሰድ» አለው። መከራው ከዚህ ይጀምራል። ምርጫ ያልተሰጠው ሰው ያለውን ይዞ ይቀዝፋል፤ ምርጫ የተሰጠው ግን ሲመርጥ ይውላል።

የመጀመሪያውን ሰዓት ሽባባው ባልዲ ውስጥ ነክሮ አሳደረው፣ ከጣራ ጣለው፣ በተረከዙ ረገጠው። ምንም አልሆነም። ከዚያ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት አንድ ሰዓት፣ ማታ ከትምህርት ቤት መልስ አንድ ሰዓት እየቀዘፈ ፍጥነቱን ያስለካ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ሰዓቱ አራት ተኩል ኪሎ ሜትር በሰዓት ብሎ ጻፈ። ሽባባው ደስ አለው፤ የዘጌን አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር በሦስት ሰዓት ለመጨረስ አራት ይበቃው ነበር። በቀን ሁለቴ ስለሚወጣ ታንኳውን ማቆም ትርፍ ድካም መሰለውና ውሃው ላይ አስሮ ያሳድረው ገባ። «ነገ ጠዋት መልሼ ላወርደው ለምን አወጣዋለሁ?» አለ።

በስምንተኛው ቀን ሰዓቱ አራት ብቻ ጻፈ።

ሽባባው ክንዱን አየ፤ ክንዱ ጠንክሯል። ንፋሱን አየ፤ ንፋስ የለም። እንግዲህ የቀረው ሰዓቱ ነው። ይዞት ወደ መላኩ ሮጠ።

«ይሄ ውሸታም ነው» አለ።

መላኩ አልተከራከረውም፤ ሁለተኛውን ሰጠው። ሁለተኛው ወፍራም፣ ጥቁር፣ መስታወቱ ድንጋይ የማይጭረው ነበር። እሱም ዘጠኝ ቀን ታየ። በዘጠነኛው ቀን ሦስት ነጥብ ሰባት ጻፈ። ሽባባው ተናዶ ወንበር ላይ ወረወረው፤ ሰዓቱ ምንም አልሆነም፣ ወንበሩ ተሰነጠቀ። ጥንካሬውን ወዶለት ነበር፤ ግን ሰው ሐሰተኛ ምስክር ይዞ ዳኛ ፊት አይቀርብም ብሎ እሱንም መለሰው።

ሦስተኛው ሰዓት የሱቁ ንጉሥ ነበር። መቶ ሜትር ቢጠልቅ ውሃ አያስገባም፣ መኪና ቢሄድበት አይጎዳም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባትሪውን በፀሐይ ይሞላል። ሽባባው አስሮት ወጣ፤ ሰዓቱ ሦስት ተኩል ጻፈ። ይኸኛውን ግን አልሰደበውም። አሰበ፣ አሰበና የደረሰበት ነገር አስደሰተው።

«ፀሐይ አልጠገበም» አለ። «ቢጠግብ ትክክሉን ይነግረኛል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀትር ላይ ከትምህርት ቤት እየሮጠ ይመጣና ሰዓቱን ከአባቱ ማድረቂያ አግዳሚ ላይ ያንጠለጥላል። እማዋይሽ አንድ ቀን ምሳ ይዛለት መጣች። ሁለቱን ባላዎች አየች፣ መሀል ላይ የተንጠለጠለችውን ነገር አየች።

«ታንኳው የት አለ?»

«ውሃ ላይ።»

«እዚህ የተሰቀለውስ?»

«ሰዓቱ ነው። ፀሐይ እየሞላ ነው።»

«አንተ ሰውዬ» አለች እማዋይሽ፣ «አባትህ ይህን እንጨት የተከሉት ለእጅ ሰዓት ነው?»

«አይገባሽም» አላት። እውነትም አልገባትም፤ ምሳውን አስቀምጣ ሄደች። እቤት ስትደርስ አልቅሳለች ይባላል። ያንን ማድረቂያ ከአማቷ ጋር ሆና የተከለችው እሷ ናት፤ ባላውን ይዛ የቆመችው እሷ፣ አፈሩን የረገጠችው እሷ።

ውርርዱ አምስት ቀን ሲቀረው አያ እንድሪስ በዳርቻው ሲያልፉ ታንኳውን አዩት። ጎንበስ አሉና በአውራ ጣታቸው ደንገሉን ጫን አደረጉት። ውሃ ፊጭ ብሎ ወጣ።

«ሽባባው፣ ይህ ታንኳ ጠጥቷል» አሉ።

«ተንሳፍፎ የለም እንዴ፣ አያ እንድሪስ?»

«ለጊዜው። አራት ቀን ፀሐይ ስጠው። አራት ቀን ከቆመ ቅዳሜ ያደርስሃል። እኔ ነኝ ያሰርኩት፣ አውቀዋለሁ።»

ሽባባው አንገቱን ደፋ፣ አሰበ። እውነት ለመናገር ልቡ አንድ ጊዜ «እሺ በል» ብሎት ነበር። ግን ክንዱ ላይ ያለውን አየና ልቡን ዝም አሰኘው።

«አራት ቀን ከቆምኩ ሰዓቱን ማን ይፈትንልኛል? ገና አላመንኩትም እኮ።»

አያ እንድሪስ ትንሽ አዩት። ከዚያ «እንደ ፍጥርጥርህ» ብለው ሄዱ። ዳኛ ከዚህ በላይ ቢናገር አደላ ይባላል።

ቅዳሜ ደረሰ። ሽባባው በጠዋት ከዘጌ ተነሳ። ከኋላው በሞተር ጀልባ ዘለቀ፣ አያ እንድሪስና እማዋይሽ ይከተሉት ነበር። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄደ፤ ክንዱ በእርግጥም ብርቱ ነበርና ዘለቀ እንኳ መሳቁን ትቶ መረቡን ማሰብ ጀመረ። አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ታንኳው ዝቅ ማለት ያዘ። መጀመሪያ የሽባባው መቀመጫ ረጠበ። ከዚያ ጭኑ። ሰዓቱ ክንዱ ላይ ነዘረ፤ ፍጥነት ቀንሷል ይላል። ሽባባው በመዳፉ መታው። ደግሞ ነዘረ። ደግሞ መታው። ውሃው ወገቡ ጋ ደረሰ፤ ከሩቅ ለሚያየው ሰውየው ባሕሩ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጦ መቅዘፊያ የሚያወናጭፍ ነበር የሚመስለው።

«ሽባባው፣ ና ውጣ» ብሎ ዘለቀ ተጣራ። በድምፁ ቀልድ አልነበረም።

«ሰዓቱ ገና ነው» አለ ሽባባው፣ ውሃው ደረቱ ላይ።

ወዲያው ማሰሪያው ተፈታ፤ ደንገሉ በየአቅጣጫው ሄደ። ሽባባው በእጁ መዋኘት ጀመረ። ሰዓቱም ታማኝ ነውና ጮኸ፤ ባለቤቱ ዋና መጀመሩን አውቆ ይቆጥርለት ገባ። ሃያ ሦስት ጊዜ ክንዱን እንዳወራጨ ጽፏል። በሃያ አራተኛው ዘለቀ አንገትጌውን ይዞ ወደ ጀልባው ጎተተው። እማዋይሽ ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችው።

ዋርካው ሥር ሲደርሱ ሰው ተሰብስቧል። ሽባባው እየተንቀጠቀጠ ቆመ።

«የከዳኝ ታንኳው ነው፣ ክንዴ አይደለም» አለ። «አያ እንድሪስ፣ ሌላ ቀን ይሰጠኝ። የአባቴ ቦታ ናት።»

ዘለቀም ጣልቃ ገባ። «እኔ ቅር አይለኝም፤ ዕጣ ፈንታ ከሆነ ይደገም» አለ።

አያ እንድሪስ ተቀመጡ። «ዕጣ ፈንታ ከሆነ ይደገማል። ምስክርህን ጥራ፣ ሽባባው። ይህ ሰዓት ክንድህ ላይ ከታሰረ ጀምሮ ታንኳው ስንት ጊዜ ለቀዘፋ ወጣ?»

ሽባባው ሰዓቱን ነካ ነካ አደረገው። መስታወቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። «በአሥራ ሦስት ቀን... ሃያ ስድስት ጊዜ።»

«ስንት ቀን አረፈ?»

«አንድም።»

«ሰዓቱስ ለራሱ ስንት ፀሐይ እንዳገኘ ይጽፋል?»

«ይጽፋል።» ድምፁ ወረደ። «በየቀኑ ሁለት ሰዓት። አንድም ቀን አልጎደለበትም።»

ከዚህ በኋላ የሚከራከር አልተገኘም። ሽባባው ራሱ ሁለቱን የበፊት ሰዓቶች አሰበ፤ አራት ያለውን፣ ሦስት ነጥብ ሰባት ያለውን። ሁለቱም እውነት ነበር የነገሩት። ከሰዓቶቹ ይልቅ የአባቱ ፊት መጣበትና እንባው ከባሕሩ ውሃ ጋር ወረደ፤ ሰው ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ አየለት። አያ እንድሪስ ማድረቂያዋን ለዘለቀ ፈረዱ። ዘለቀም ተቀበለ፣ ግን አልሳቀም።

ይሄኔ መላኩ ሱቁን ዘግቶ እያለከለከ ደረሰ። ሰውየውን ርጥብ፣ ሰዓቱን ደህና ሆኖ ቢያይ ጊዜ ነገሩ አልገባው አለ።

«ምን ሆኖ ነው? ንፋስ ነው የገለበጠው?» ብሎ ጠየቀ።

አያ እንድሪስ በትራቸውን አንስተው ለመሄድ ተነሱና እስከ ዛሬ የምትባለውን አባባል ጣሉለት፤ «ንፋሱን አትማው ልጄ፤ ፀሐዩን ለሰዓቱ፣ ውሃውን ለታንኳው።»