ጎርፍ የመለሰው ብርጭቆ

አንድ የከተማ ነጋዴ የመጀመሪያ ልጁን ለመዳር ተነሣ። ነጋዴው ገዳሙ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን «ሰው ምን ይለኛል» የምትል ጭንቀት ተኝቶም አትለቀውም ነበር። ልጁ ውዳላት የታጨችው ከከተማው ግርጌ በመስኖ ሽንኩርት ለሚያለሙ ሰዎች ልጅ ለይልቃል ነው፤ ስለዚህ በድግሱ አማቾቹን ማስደመም ፈለገ።

ሚስቱ እንጉዳይ፣ «ሳህንና ብርጭቆውን ከእድር እናውጣ። ድግሱ ሲያልቅ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበን እናጥበዋለን፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው የኖርነው» አለችው።

«ለቅሶ ቤት ሲውል የኖረ ሳህን ለልጄ ሠርግ? አማቾቼ ምን ይሉኛል? አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት አዝዣለሁ፤ ብርጭቆው ላይ የሙሽሮቹ ስም ይታተምበታል። ማንም ጎንበስ ብሎ ሳህን አያጥብም።»

«ከዚያስ? ያ ሁሉ የት ሊገባ ነው?»

«ይጣላል አልኩሽ እኮ!»

እንጉዳይ ነገሩን ማክረር አልፈለገችም።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተደገሰ፤ አማረም። በየነጩ የፕላስቲክ ብርጭቆ ላይ «ይልቃልና ውዳላት» የሚል ወርቃማ ጽሑፍ ያብለጨልጫል። እንግዳው አንዴ ጠጥቶበት ያስቀምጠዋል፤ እንደገና ሲጠማው አዲስ ያነሣል። በማግስቱ ግቢው መረገጫ አልነበረውም። የቀን ሠራተኞቹ ክምሩን የት እናድርገው ሲሉት ነጋዴው ወደ ጓሮ ጠቆመ። ከአጥሩ ጀርባ ወደ ከተማው ግርጌ የሚወርድ ፈፋ አለ፤ ሁሉንም እዚያ ለቀቁት። ግቢው ጸዳ፣ ነጋዴውም ረሳው።

በዚያው ሰሞን የበልግ ዝናብ ጣለ።

የቅልቅሉ ቀን ደረሰ። ቅልቅል የሙሽራው ቤተሰብ የሙሽሪትን ወገን ጠርቶ የሚያበላበት ቀን ነውና ነጋዴው ዘመዶቹን አስከትሎ ወደ አማቾቹ ወረደ። እዚያ ሲደርሱ የሽንኩርቱን ማሳ በደለል ተውጦ አየው። «ዝናቡ ጎዳችሁ አይደል?» ብሎ ከልቡ አዘነላቸው።

ቤት ገብተው ተቀመጡ። ምግቡ ቀረበ፤ ጠላው ሲቀዳ ግን የቀረበው በነጭ የፕላስቲክ ብርጭቆ ነበር። አንዳንዱ ጠርዙ ተሰንጥቋል፣ አንዳንዱም ተጨራምቷል። ሁሉም ላይ የደበዘዘ ወርቃማ ጽሑፍ አለ፤ «ይልቃልና ውዳላት» ይላል።

ነጋዴው ደስ አለው። ወደ ዘመዶቹ ዞር ብሎ፣ «አያችሁ? አማቾቼም የእኔኑ ወግ ያዙ!» አለ። ከዚያም የሙሽራውን እናት ወይዘሮ ስንዱን፣ «እናንተ ደግሞ የት አሳተማችሁት?» ብሎ ጠየቃቸው።

ሴትየዋ እንደ ማፈር አሉ። «ኧረ እኛ አላሳተምንም፣ አቶ ገዳሙ። የእርስዎው ነው። ጎርፉ ከቤትዎ ጠርጎ ወስዶብዎ ኖሯል። የመስኖ ቦያችን ሞልቶበት፣ ውሃው ማሳው ላይ ሲገነፍል ነው ያየነው። የልጆቹ ስም ከብት ሲረግጠው እያየሁ ማለፍ አልሆነልኝም። ለቅመን አጥበነዋል። የተረፈውን ስትሄዱ ትወስዱታላችሁ።»

ከጓዳ በር ላይ የቆመ አንድ ትልቅ ከረጢት አሳዩት። አፉ በንጹሕ ገመድ ታስሯል።

ነጋዴው የሚገባበት ጠፋው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። ያን ጊዜ ልጁን አያት። ሙሽራ በጫጉላዋ ሰሞን ሥራ አትነካም፤ የውዳላት ጣቶች ግን የእንሶስላው ቀለም ሳይለቃቸው በየጥፍሩ ሥር የደረቀ ጭቃ ነበረባቸው። እሷም ከአማቷ ጋር ቦይ ውስጥ ገብታ የራሷን ስም ስትለቅም ከርማለች። ብርጭቆው ከየት እንደመጣ ታውቃለች፤ ፈፋውን ታውቀዋለች። ከአባቷ ጋር ዓይን ለዓይን እንዳይገጥሙ ወደ መሬት አቀረቀረች።

ሊሄዱ ሲነሡ ከረጢቱን ተሸክሞ ወጣ። ውዳላት እስከ አጥሩ በር ሸኘችው።

«አባዬ» አለች ዝግ ብላ፣ «አልነገርኳቸውም። ጎርፍ ነው የወሰደበት አልኳቸው።»

ልጁ በገባችበት ቤት የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸችው ለእሱ ብላ ነው። ነጋዴው ከረጢቱ ከበደው፤ በሠርጉ ቀን የነፋው ደረት የት እንደገባ እንጃ። ተመልሶ ገባ። ዘመዶቹ ሁሉ ያዩታል።

«ወይዘሮ ስንዱ፣ ጎርፍ አልወሰደብኝም። እኔ ነኝ ያስጣልኩት። ማሳችሁንም ያበላሸሁት እኔው ነኝ። ልጄን እንዳትቀየሟት፤ እኔን ለመሸፈን ነው» አለ።

ወይዘሮ ስንዱ አልተቆጡም፤ ተቆጥተው ቢሆን ይሻለው ነበር። የገባቸው አይመስልም፤ በእጃቸው የያዙትን የተሰነጠቀ ብርጭቆ ገልበጥ አድርገው አዩትና፣ «ስማቸው እያለበት?» ብለው ብቻ ጠየቁት።



በማግስቱ ነጋዴው አካፋ ይዞ ወረደና ከአማቾቹ ጋር ቦዩን ሲጠርግ ዋለ፤ የተዋጠው ሽንኩርት ግን አልተመለሰም። ከረጢቱ ዛሬም በማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንጉዳይ ገበያ የምትሄደው በፌስታል ፈንታ ዘንቢል ይዛ ነው። እንግዳ ሲመጣ ውሃ በመስታወት ብርጭቆ ይቀርባል፤ እንግዳው ሲሄድ ብርጭቆውን የሚያጥበው ራሱ ገዳሙ ነው። «ሰው ምን ይለኛል» ማለቱን አልተወም፤ አሁን ግን የሚያስበው ከፈፋው በታች ያለውን ሰው ነው።

ወዳጆቼ፣ አንዲት ብርጭቆ ማጠብ የታከተን ዕለት ድካሙ አይቀርም፤ ወደማናየው ሰው ይተላለፋል እንጂ። ማንም ስላላየን ንጹሕ የሆንን ይመስለናል። ብርጭቆው ላይ ስማችን ባይታተምበትም የጣልነው እኛው ነን። እኛ ጓሮ የምንለውም ለሌላው ደጁ ነው።

ዛሬ ከቤታችሁ የወጣው ፌስታልና የፕላስቲክ ብርጭቆ ነገ ታጥቦ፣ በንጹሕ ገመድ ታስሮ ቢመለስላችሁ፣ ምን ብላችሁ ትቀበሉታላችሁ?