የብላታ ቀበሮ ቀዳዳዎች

ስሙ ባይጠራ በሚሻል አንድ ዱር ውስጥ አንበሳ ይገዛ ነበር። ዱሩ ዙሪያውን በእሾህ የታጠረ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ጅቦች ያደባሉ። አጥሩን የሚጠብቅ ወታደር አልነበረም። በገዛ ፈቃዳቸው የተነሡ እንስሳት ከግጦሽ መልስ እየዞሩ ያዩታል። ቀዳዳ ያገኘ «ተከፍቷል!» ብሎ ይጮኻል፤ ጩኸቱን የሰማ ሁሉ የእሾህ ቅርንጫፍ እየጎተተ ይደርሳል። በዚህ ዓይነት ብዙ ዘመን በሰላም ታደረ።

አንበሳውን ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሣው። «ሳይከፈላቸው የሚደክሙት ምን ቢፈልጉ ነው?» ሲል አማካሪውን ብላታ ቀበሮን ጠየቀ።

«እኔም ይህንኑ ሳስብ ነው የከረምኩት» አለ ቀበሮው። «ወይ ሰላዮች ናቸው፣ ወይ ሳያዩ አየን የሚሉ ናቸው። ይፍቀዱልኝና በስውር ቀዳዳ ልክፈትባቸው። ያየ ታማኝ፣ ያላየ ሰነፍ። የከፈትኩትን መልሼ የምዘጋው እኔው ነኝ።»

ተፈቀደለት። በመጀመሪያው ፈተና ከርከሮ ቀዳዳውን ሳያይ ቀረና በጉባኤ መካከል ቆሞ ተወቀሰ።

«ያላየሁት ጥፋቴ ነው» አለ ከርከሮ። «የከፈተውስ ምን ይባላል?»

«ፈታኝ ይባላል» አለ ብላታ ቀበሮ።

ከዚያ ወዲህ የእንስሳቱ ጠባይ ተለወጠ። ባልንጀራ ባልንጀራውን ይጠረጥር ጀመር። ቀዳዳ ያገኘ ሁሉ ሌላው እንዳይቀድመው ተጣድፎ ይጮኻል፤ እሾህ የሚጎትት ግን ጠፋ። ቀዳዳው የቀበሮ ከሆነ ቀበሮ ይዘጋዋል፤ ምን አደከማቸው?

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሚዳቋ፣ ገና መቆም ያልቻለ ልጇን ካስተኛችበት ቁጥቋጦ አጠገብ፣ ምስጥ የበላው አጥር ወድቆ አገኘች። ደንግጣ ወደ ቀበሮው ሮጠች።

«ብላታ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ ይሄ የእርስዎ ነው?»

«ለተፈታኝ መልሱ ይነገራል እንዴ?»

«ካልሆነስ? ልጄ እኮ እዚያ ነው የተኛው!»

«ጥሩ ተፈታኝ አይጠይቅም፤ ይጮኻል።»

ጮኸች። «ተከፍቷል! ኧረ ተከፍቷል!» እያለች ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ጮኸች።

ጦጣ ከዛፍ ላይ ሆና «ሰማንሽ እኮ! እንኳን ደስ ያለሽ!» አለቻት። አጋዘን «ዛሬስ ቀደመችን» ብሎ ሣሩን መጋጥ ቀጠለ። ሚዳቋ ብቻዋን እሾህ ፍለጋ ሄዳ ስትመለስ ቁጥቋጦው ባዶ ነበር።

ጉባኤ ተጠራ። አንበሳው «ማን ነው ያላየ?» ብሎ ተቆጣ።

«ታይቷል፣ ንጉሥ ሆይ» አለ ቀበሮው መሬት መሬት እያየ። «ተጮኋል፤ ተሰምቷልም። ፈተናውን ሁሉም አልፏል።»

«ጅቡም አልፏል» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

አንበሳው ማን እንደ ተናገረ ጠየቀ። ሁሉም የጎረቤቱን አፍ ያይ ጀመር። በዚህ መካከል ከአጥሩ በኩል «ተከፍቷል!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ከተቀመጠበት የተነሣ አልነበረም። ሁሉም ዞረው የቀበሮውን ፊት አዩ፤ ቀበሮው ደግሞ የአንበሳውን።