በጉምሩክ ያረጀው ማይክሮስኮፕ

አንዲት ምላሷ የሰላ የዩኒቨርሲቲ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ለተማሪዎች የተገዛውን ማይክሮስኮፕ ከጉምሩክ መጋዘን ለማስወጣት ስትመላለስ ሦስት ዓመት አለፋት። የጉምሩኩ ሹም አንድ ቀን ማኅተሙ ደብዝዟል ይላታል፤ ሌላ ቀን ደግሞ ደብዳቤው ደብዳቤ መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ አምጪ ይላታል። ሁሉንም አመጣች።

የሚጠይቀው ወረቀት ሲያልቅበት መነጽሩን አስተካክሎ ዕቃው የተሠራበትን ዓመት አነበበ።

«አዬ ሴትዮ! ይሄማ ሦስት ዓመት አልፎታል። አሮጌ መሣሪያ አገር ውስጥ አይገባም፤ መመሪያ ነው። ነገ ተሰባብሮ ይወገዳል።»

ባዶ እጇን ከተመለሰች ተማሪዎቹ ዘንድሮም ጀርም የሚያዩት በጠመኔ ሥዕል ሊሆን ነው።

«ጌታዬ፣ ሲመጣስ?»

«ሲመጣማ አዲስ ነበር።»

«ታዲያ የት አረጀ?»

«እዚሁ መጋዘናችን ውስጥ ነዋ!»

«እንግዲያው ያረጀው አገር ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። የለም፣ ገና አልገባም ካሉ ደግሞ፣ መጋዘንዎ ውጭ አገር መሆኑን ጽፈው ማኅተም ይምቱልኝ። ልጆቻችን ውጭ አገር ፍለጋ ባሕር ከሚበላቸው በታክሲ ወደ እርስዎ ይምጡ። እርስዎ ዘንድ የገባ እንደሁ፣ መቼም ማንም አያስወጣውም!»

ማይክሮስኮፑ በዚያው ቀን ወጣ።