እጅ የሌለው ወንበር

አንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነበር፤ ስሙ ጡሚሶ ይባላል። ከጓደኛው ከማቴዎስ ጋር በተማሪነታቸው አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ለብሰዋል። ለአገልግሎት የተሾሙትም በአንድ ቀን፣ ጎን ለጎን ተንበርክከው ነው። በስብከት ጡሚሶ ይበልጥ ነበር፤ ይህን ማቴዎስም አይክድም። ታዲያ ጳጳስ የሚመረጥበት ጊዜ ደረሰና ጉባኤው ማቴዎስን መረጠ።

ከዚያ ወዲያ ለጡሚሶ እህል አልጣመውም። ማቴዎስ ሲስቅ “በእኔ ነው” ይላል። ዝም ሲል “ኮራ” ይላል። ዝቅ ብሎ ሰላም ሲለው እንኳ “ትሕትናው ለታይታ ነው” ይላል።

“ለመሆኑ ከእኔ በምን በልጦ ነው?” አላት አንድ ቀን ሚስቱን ዘነበችን።

“በምንም” አለችው ሽንኩርቷን እየከተፈች። “ሚዜው ከሙሽራው የሚያምርበት ሠርግ አይቻለሁ። ሙሽሪት ግን ከሚዜው ጋር አልሄደችም።”

“ቀልጂ አንቺ! እሱ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰብሳቢነት መዶሻውን እየመታ ያዘናል።”

“የምትቀናው በወንበሩ ነው ወይስ በሰውየው?”

 ጡሚሶ የሚቀናው በሁለቱም ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ነገሩን እንረዳው። በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ትልቅ ሥልጣን አለው። በጉባኤው መጨረሻ “አንተ እዚህ፣ አንቺ እዚያ” ብሎ መጋቢዎችን የሚመድበው እሱ ነው። ጉባኤውንም ይመራል። ነገር ግን ጉባኤው ሲወስን ድምፅ አይሰጥም፤ ለአንዱ ወገን ቆሞም አይከራከርም። የሠርግ ቤት አሳላፊ በሉት፤ ለሁሉም ያቀርባል እንጂ ከማዕዱ አይቀመጥም። ጡሚሶ ይህን ሕግ አሳምሮ ያውቃል። ቅናት ግን ያለው አንድ ዓይን ነው፤ መዶሻውን ያያል፣ የታሰረውን እጅ አያይም።

በዓመታዊው ጉባኤ አንድ ሐሳብ ቀረበ። በኮረብታው ላይ ያለችው ትንሽ ጸሎት ቤት ምእመኖቿ ጥቂት ስለሆኑ ትዘጋና ሰዎቿ ወደ ከተማው ቤተ ክርስቲያን ይምጡ የሚል ነው። ያቺ ጸሎት ቤት ማቴዎስ ጳጳስ ከመሆኑ በፊት ከሕዝቡ ጋር ድንጋይ ተሸክሞ የሠራት ናት። እናቱም በጓሮዋ ተቀብረዋል። ጡሚሶም ከሱ በኋላ እዚያ አገልግሏል።

የጸሎት ቤቷ ተወካይ እማማ ድንቅነሽ ተነሡ። “ልጆቼ፣ በመካከላችን ወንዝ አለ። ክረምት ሲገባ ጎልማሳ እንኳ አይሻገረውም፤ እኛ ሽማግሌዎቹ እንዴት እንሁን?”

“እማማ፣ ድልድይ አለ ሲባል ሰምተናል” አላቸው አንዱ።

“ነበረ! ወንዙ ወሰደው እኮ!”

አዳራሹ አጉረመረመ፤ የሚያምናቸውም የማያምናቸውም ነበረ። ጳጳሱ መዶሻውን መታ። “ቦታውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ካለ ይናገር” አለ።

ጡሚሶ ያውቃል። ያ ወንዝ አንድ ክረምት በቅሎውን ወስዶበታል። ግን በልቡ “ራሱ ይናገር፤ አለቃ አይደል!” አለና አፉን ዘጋ።

ድምፅ ተሰጠ። ጡሚሶ ጓደኛውን እያየ ትዘጋ ከሚሉት ጋር እጁን አነሣ። ሲቆጠር ሐሳቡ በአንድ እጅ ብልጫ አለፈ።

“ጳጳሳችን!” ብለው ጮኹ እማማ ድንቅነሽ። “እርስዎ እንኳ እጅዎን ያንሡልን!”

“እማማ፣” አለ ማቴዎስ፣ “በዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ እጅ የለኝም።” ከዚያም መዶሻውን መታና “ጉባኤው ወስኗል” አለ።

በመጨረሻው ቀን ምደባው ሲነበብ ጡሚሶ ለከተማው ቤተ ክርስቲያን ተመደበ። መጋቢ ሁሉ የሚመኛት፣ እሱም ስንት ዓመት የጓጓላት ናት። ደስ ሊለው ሲገባ ደሙ ፈላ። ጳጳሱን ደጅ ላይ ጠብቆ ያዘው።

“ባንተ ላይ ድምፅ ሰጥቼ ሳለ ይቺን የሰጠኸኝ ልታሳፍረኝ ነው?”

“የለም፣ ወንድሜ። የኮረብታው ሰዎች ወደዚያ ሊመጡ ነው። መንገዳቸውን የሚያውቅ መጋቢ ያስፈልጋቸዋል።”

“ታዲያ ወንዙን አንተም ታውቀው የለም? ለምን አልተናገርክም?”

“እኔ የተቀመጥኩት ሌላውን ላናግር እንጂ ልናገር አይደለም። ምላስም እጅም የነበረህ አንተ ነበርክ።”

ክረምት ገባ። ጡሚሶ በተመኘው መድረክ ላይ ቆሞ ሰበከ፤ ስብከቱም እንደ ወትሮው ያማረ ነበር። ለኮረብታው ሰዎች የተተዉት አግዳሚዎች ግን ባዶ ነበሩ። በመስኮቱ በኩል ወንዙ ሲያጓራ ይሰማል።

ሕዝቡ ሲበተን ዘነበች መጥታ አጠገቡ ቆመች። “ያ የማቴዎስ ወንበር አሁንም ያምርሃል?” አለችው።

“እሱን ተይው” አላት፣ ዓይኑን ከአግዳሚዎቹ ሳያነሣ። “የእማማ ድንቅነሽ የትኛው ነበር የሚሆነው?”

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ቁም ነገሩ ይህ ነው። ሰብሳቢ ብቻውን ጉባኤ አይሆንም፤ ለዚህ ነው የጳጳሱ እጅ ታስሮ የእኛ የተፈታው። የሌላውን ወንበር በቅናት የሚያይ ሰው ግን የራሱን እጅ ምን ላይ እንዳዋለው አያውቅም። እስቲ አንተም ራስህን ጠይቅ፤ አንቺም ጠይቂ፦ በወንበሩ የምንቀናበት ሰው ማን ነው? እሱ ሊናገረው የማይችለው፣ እኛ ግን አውቀን ዝም ያልነው ነገርስ ምንድን ነው?