የተናቀችው ሞገድ

አንድ ደምለው የሚባል ገበሬ ነበር። መንደርተኛው ተባብሮ የመስኖ ኩሬ ቆፍሮ ዙሪያውን የአፈር ግድብ ሲሠራ፣ ጠባቂ አድርጎ የመረጠው እሱን ነው። ደምለውም አደራውን አላቃለለም። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ ይመጣል ብሎ ይሰጋል፤ ትርፉ ውሃ የሚወጣበትን ቦይ ይጠርጋል፤ የግድቡን ጀርባ እየደለደለ ያሳምራል።

ከግድቡ ሥር እማማ ውድነሽ የሚባሉ ባልቴት ይኖሩ ነበር። ሟች ባላቸው የተከሉላቸው አሥራ ሁለት የብርቱካን ዛፎች ነበሯቸው። ኑሯቸውም ትዝታቸውም እነሱ ነበሩ።

አንድ ቀን እማማ ውድነሽ ውሃ ሊቀዱ ወጥተው ደምለውን ጠሩት።

«ልጄ፣ ከሰዓት ነፋስ ሲነሣ እስቲ ልብ ብለህ እየው። ውሃው በእኔ በኩል ያለውን ግድብ እየላሰ ከሥሩ እየቦረቦረው ነው። ውስጡን ድንጋይ አልብሱት እንጂ።»

ደምለው ሳቀ። «እማማ፣ በሬ ቢረግጠው የማይነቃነቅ ግድብ እኮ ነው! ይቺ የኩሬ ሞገድ ምን ታደርገዋለች?»

«እሷ አትቸኩልም፤ ግን አትቀርም» አሉና እንስራቸውን አዝለው ወረዱ።

ሦስት ክረምት አለፈ። የተፈራው ጎርፍ አልመጣም። ሞገዷ ግን ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች አፈሩን በጥቂት በጥቂቱ ወሰደችው። በመስከረም፣ ኩሬው ጢም ብሎ ሰማዩም ጠርቶ ሳለ፣ ብርቱ ነፋስ ተነሣ። የሳሳው ግድብ ተናደ። እማማ ውድነሽ ወደ ጉብታው ሮጠው ነፍሳቸውን አተረፉ። ከዛፎቹ ግን አንድም አልተረፈ።

ደምለው በትከሻው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊለምን እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ተነሥ ልጄ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት። «ይህን ድንጋይ ግን ያን ጊዜ ለግድቡ ብትሸከመው ምን ነበረበት?»

እማማ ውድነሽ ጓዛቸውን ጠቅልለው ልጃቸው ወዳለችበት አገር ሄዱ፤ ተመልሰውም አልመጡ።

መንደርተኛው ግድቡን እንደገና ሠርቶ ውስጡን ድንጋይ አለበሰው። ድንጋዩን ለመደርደር የፈጀው ስምንት ቀን ነው። በስምንተኛው ቀን ደምለው ግድቡ ላይ ተቀምጦ ዛፎቹ የነበሩበትን ባዶ ደለል ቁልቁል እያየ፣ «ስምንት ቀን! ስምንት ቀን ብቻ!» እያለ አለቀሰ።

ወዳጄ፣ ዕድሜ ልካችንን የምንፈራው ጎርፍ ላይመጣ ይችላል። የናቅነው ትንሽ ነገር ግን ትዳራችንንም ወዳጅነታችንንም በየዕለቱ ሲሸረሽር ይኖራል። ይቅርታ ቂምን ያወርዳል፤ የወደቀ ዛፍ ግን አያቆምም። ለመሆኑ አንተስ፣ ሰው ነግሮህ ስቀህ ያለፍከው ነገር የለም?