አንጓችና የቀዘቀዘችው ዘንዶ

ከብዙ ከብዙ ዘመን በፊት፣ ዘንዶዎች እንደ ላም በየሜዳው ተጋድመው በሚታዩበት ጊዜ፣ ከአንድ ትልቅ ተራራ ሥር አንዲት መንደር ነበረች። ቀረብ በሉ ልጆች፤ ይህ ተረት በቀስታ ነው የሚነገረው።

በዚያች መንደር ሰው አያለቅስም፣ አይስቅም፣ አይፈራም ነበር። ከተራራው ላይ ነጭ ጉም ይወርዳል። ጉሙን የተነፈሰ ሰው ልቡ ይደነዝዛል፤ ብዙ የተቀመጡበት እግር እንደሚደነዝዘው። አንዲት ሴት እጇ ሲቃጠል "ተቃጠልኩ መሰለኝ" ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች። አንድ ሰው በሬው ገደል ሲገባበት "ገባ" ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ጉሙ ሲወርድ ጭራቅም አብሮ ይወርዳል። ከአንዱ ቤት አንድ ልጅ ያነሣና በስልቻው ከትቶ ይሄዳል። የሚከተለው ሰው የለም።

አንጓች የምትባል ልጅ ነበረች። ቢሻው የሚባል ትንሽ ወንድም ነበራት። አንድ ቀን ጭራቁ መጣና ቢሻውን ከደጃፍ አንሥቶ ስልቻው ውስጥ ጨመረው። ቢሻው አልጮኸም።

"እማዬ፣ ቢሻውን ወሰደው" አለች አንጓች።

"አየሁት" አለች እናቷ። ጥጥ እየፈተለች ነበር።

"አንከተለውም?"

"እንከተለው ይሆናል። እስቲ ይህን ልጨርስ።"

ጥጡ አለቀ። እናቷ ሌላ ጥጥ አነሣች።

ማታ አንጓች ብቻዋን ቁርበቱ ላይ ተኛች። ቢሻው የሚተኛበት ቦታ ላይ እጇን አኖረች። ቀዝቃዛ ነበር። ማልቀስ እንዳለባት ታውቃለች፤ እንባ ግን አልመጣም። "ወንድሜን ማምጣት አለብኝ" ብላ አሰበች፤ ውሃ መቅዳት አለብኝ እንደሚባለው ዓይነት። ሲነጋ ተነሥታ ወደ ተራራው ወጣች።

ጭራቁ ከዋሻው ደጅ ተቀምጦ ደረቅ ቁርበት ያኝካል። ጥርሱ እንደ ማረሻ ነው። ፀጉሩ እንደ እሾህ አጥር ነው። ከጀርባው አንድ ትልቅ የእህል ጎታ ቆሟል፤ ውስጡ ግን እህል አይደለም፣ ልጆች ናቸው። የቢሻው ራስ ከጎታው አፍ ብቅ ብሎ ዝም ብሎ ያያል።

"ማነሽ አንቺ?" አለ ጭራቁ።

"አንጓች ነኝ። ወንድሜን ልወስድ መጣሁ።"

ጭራቁ ብድግ አለ። አፉን ከፈተ፣ ጥፍሩን ዘረጋ፣ ድንጋዩ እስኪንከባለል ድረስ አገሳ፦ "ፈራሽ ወይስ አልፈራሽም?"

"አልፈራሁም፣ አያ ጭራቅ።"

"እባክሽ ትንሽ ፍሪ!"

"እምቢ ማለቴ አይደለም፤ ፍርሃቱ አልመጣልኝ አለ።"

ጭራቁ ተመልሶ ቁጭ አለ። "ያልፈራ ሥጋ አመድ አመድ ይለኛል" አለ። "እናቶቻቸው ተከትለው እንዳይመጡብኝ ብዬ ጉሙን ሰደድኩ፤ ልጆቹም አብረው ደነዘዙ። ይኸው ጎታ ሙሉ ልጅ ይዤ ቁርበት አኝካለሁ! ግቢ፣ የዘንዶዬን ጅራት ጥረጊ። እሷን ስታዪ ትፈሪያለሽ፤ ያኔ እበላሻለሁ።"

አንጓች ገባች። ዘንዶዋ ከዋሻው ጫፍ እስከ ጫፍ ተጋድማለች። ቅርፊቷ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ከአፍንጫዋ ነጭ ጉም ይወጣል፣ ይወጣል፣ አያቆምም።

"ጉሙ ያንቺ ነው እንዴ፣ እሜቴ ዘንዶ?"

"የእኔ ነው" አለች ዘንዶዋ። "እኛ ዘንዶዎች የራሳችን ሙቀት የለንም። ሲሞቀን እሳት እንተነፍሳለን፤ ሲበርደን ጉም። የጥንት እናቶቻችን ፍል ውሃ ዳር ይተኙ ነበር። እንቁላላቸውን ትኩስ አሸዋ ውስጥ ይቀብሩ ነበር። ጉንፋን የያዘው ሰው መጥቶ ጀርባቸው ላይ ይጋደም ነበር። እኔን ግን ጭራቁ እንቁላል ውስጥ ሳለሁ ሰረቀኝ። እዚህ ብርድ ውስጥ ተፈለፈልኩ። ሞቆኝ አያውቅም።"

"ቢሞቅሽ ጉሙ ይቆማል?"

"ይቆማል። ሙቀት በጅራታችን ይገባል፣ በሆዳችን ያልፋል፣ በጉሮሯችን ይወጣል።"

ከዋሻው በስተኋላ ፀሐይ ያለበት ቀዳዳ ነበር። አንጓች ጅራቱን እየጎተተች፣ እያረፈች፣ እየጎተተች በቀዳዳው አወጣችው። ውርጩ ቀለጠ። ጅራቱ ተነቃነቀ። ጉሙም ትንሽ ሳሳ። ያኔ አንጓች እግሯን አየች። እሾህ ተሰክቶባታል፤ መንገድ ላይ ወግቷት ነበር። "አመመኝ" አለች ተገርማ።

ጭራቁ መጣ። "ፈራሽ ወይስ አልፈራሽም?"

"አልፈራሁም፣ አያ ጭራቅ።"

"እንግዲያው ሂጂና ዘንዶዬን አብያት!"

ዘንዶዋም "ጥርሳችን ይይዛል እንጂ አያኝክም" አለቻት። "እንደ ዶሮ ጠጠር እንውጣለን፤ ጠጠሩ ሆዳችን ውስጥ ይፈጫል። ከጭራቁ ምድጃ የጋለ ድንጋይ አምጪልኝ።"

አንጓች የጋለውን ድንጋይ በእንጨት እያንከባለለች አመጣች። ዘንዶዋ ዋጠች። ሆዷ ጉር ጉር አለ። ጉሙ ደግሞ ሳሳ። ያኔ ቢሻው ትዝ አላት። ሲተኛ ጆሮዋን ይዞ ነበር የሚተኛው። ደረቷን አንድ ነገር ቆነጠጣትና አለቀሰች። ጎታው ውስጥም አንድ ልጅ መነፋረቅ ጀመረ።

ጭራቁ መጣ። "ፈራሽ ወይስ አልፈራሽም?"

"አልፈራሁም፣ አያ ጭራቅ።" ድምፅዋ ግን ቀጠነ።

ጭራቁ አሸተተ። "እም! የሆነ ነገር ይሸተኛል። ሂጂና ጉሮሮዋን ጥረጊ። ስትጨርሺ እንተያያለን።"

ዘንዶዋም "ጉሮሮዬ ሥር የእሳት ከረጢት አለ" አለቻት። "ባዶ ነው። ከግድግዳው ላይ ቢጫውን ድኝ ፍቂና እዚያ ጨምሪልኝ።" አፏንም ከፈተች።

አንጓች ድኙን ይዛ ቆመች። ጥርሶቹን አሁን ገና ያየቻቸው መሰላት።

"እሜቴ ዘንዶ፣ ፈራሁ።"

"ሞቀሽ ማለት ነው። ከፈለግሽ በቀዳዳው ሽሺ፤ አልቀየምሽም። ብቻ እኔ ተመልሼ እቀዘቅዛለሁ።"

አንጓች ወደ ጎታው አየች። ከዚያ እየተንቀጠቀጠች በጥርሶቹ መካከል ገባች። ምላሱ ላይ ተሳበች፣ ድኙን ከረጢቱ ውስጥ ጨመረች፣ ወደ ኋላ እየተሳበች ወጣች። ጉሙ ቆመ።

ጭራቁ እየሮጠ መጣ። "ፈራሽ ወይስ አልፈራሽም?"

አልፈራሁም ልትል ነበር። ጥርሷ ግን እርስ በርሱ ተንገጫገጨ።

"ፈራሁ!" ብላ ጮኸች። "አያ ጭራቅ፣ በጣም ፈራሁ!"

"እሰይ!" አለ ጭራቁ፣ ምራቁ እየተዝረበረበ። "ይህን ያህል ጊዜ ቁርበት ሳኝክ!"

አንጓች ሮጣ ከዘንዶዋ አገጭ ሥር ገባች። ጭራቁ አፉን ከፍቶ ጎንበስ አለ። ከላዩ ትኩስ ትንፋሽ መጣበት። ቀና አለ።

"ምነው ሞቀሽ እንዴ?" አለ።

"አዎ፣ ሞቀኝ" አለች ዘንዶዋ።

እሳቱ ወጣ። ጭራቁ ከነጥፍሩ፣ ከነጥርሱ ነደደ። ከእርሱ የተረፈው ግድግዳው ላይ ያለ ጥቀርሻ ብቻ ነው።

አንጓች ጎታውን ስትከፍት ልጆቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ አለቀሱ። ዘንዶዋ ጀርባዋ ላይ አድርጋ ተራራውን አወረደቻቸው። ግማሽ መንገድ ላይ እናቶቹን አገኟቸው፤ እየወደቁ፣ እየተነሡ፣ የልጆቻቸውን ስም እየጠሩ ሲወጡ። የአንጓች እናት ጉልበቷ ደምቷል።

"ዓይኔ እያየ!" አለች። "ዓይኔ እያየ ወሰደብኝ፣ እኔ ቁጭ ብዬ!"

"ጉሙ ነው፣ እማዬ።"

"ውስጤን አመመኝ፣ ልጄ።"

"እኔም አመመኝ" አለች አንጓች።

ዘንዶዋ ወደ ፍል ውሃው ሄደች። ልጆቹ ወደየቤታቸው ገቡ። በዚያች ማታ መንደሩ ሙሉ ሲያለቅስ አመሸ። አንጓችም ገና ደስ አላላትም። ደስታ ከሁሉም በኋላ ነው የሚመጣው።

በማግስቱ ጠዋት ስትነቃ ቢሻው የእሷን ቂጣ ሲበላ አገኘችው።

"የእኔን ነው የምትበላው፣ አንተ ሆዳም?"

"አሁን እንኳ የአንቺ አይደለም" አለ ቢሻው፣ የመጨረሻዋን ቁራሽ እየዋጠ።

አንጓች ተናደደች። አሳደደችው። ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞሩ። ያዘችውና ልትመታው እጇን ስታነሣ ሳቅ አመለጣት።

ተረቴ አለቀ። እኔ አፌን ልዝጋ፣ እናንተ ዓይናችሁን ጨፍኑ።