ሳይሞት አይወጣም ያለው ጃርት

ጠጋ ጠጋ በሉ። ወሬ ያለው ወሬውን ይዋጥ፣ እንቅልፍ የያዘው ዓይኑን ይሸት፤ እኔ ልጀምር ነው።

ድሮ፣ ድሮ፣ እንስሳት እንደ እኛ ሲያወሩ፣ እንደ እኛም ሲተማሙ፣ ስሟን ማንም በማያስታውሳት አንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ጃርት ይኖር ነበር። ከተማዋ ከአንድ ደረቅ ወንዝ ዳር የተሠራች ናት። ከጎኗ ድንጋያማ ጉብታ አለ፤ እዚያ ግን ከጦጣ በቀር የሚኖር የለም። ሌላው ሁሉ ታች አሸዋው ላይ ተጠጋግቶ ይኖራል። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ስለማይፈስ ገበያው የሚቆመው እንኳ እወንዙ ሆድ ውስጥ ነበር። «ውሃ ከመጣስ?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ፣ «ሲመጣ እናያለን» ይባላል። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ አገር ነው።

ለአንድ ነገር ብቻ ግን እሷን የሚያህል ዝግጁ ከተማ አልነበረም፤ ለሞት። እድሯ ምን ጎድሎት! ድንኳኑ አለ፣ አግዳሚ ወንበሩ አለ፣ ቃሬዛው አለ፣ የንፍሮ ስንዴና ባቄላው በጎተራ ሞልቶ አለ፣ በሬ የሚያህል ድስት አለ፣ ሬሳ ወደ ጉድጓድ የሚወርድበት ረጅም መጫኛም አለ። አያ ጅቦ ጥሩምባውን የነፋ እንደሆነ፣ የያዘውን ጥሎ ያልወጣ ጎረቤት የለም። ከቀብር የቀረን ማን ሰላም ብሎት፣ ማንስ እሳት አስጭሮት!

የዚህ ሁሉ ዕቃ ጠባቂ ጃርት ነበር። ጃርት ክፉ አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ኋላ እንዳትፈርዱበት። ከእሱ በፊት የነበረው ጠባቂ ለለመነው ሁሉ እሺ ባይ ነበርና ድንኳኑን ለአንዱ ሰርግ አውሶት ተቀዶ ተመለሰ። በሳምንቱ የጃርት እናት ሞቱ። ዝናቡ በቀዳዳው እየገባ ለቀስተኛውን አበሰበሰው፤ ከሩቅ የመጣው ዘመድ አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ። ጃርት እናቱን ማልቀስ እንኳ አልቻለም፤ ውርደቱ አንገቱን አስደፋው። ስለዚህ ቁልፉን የተረከበ ቀን ማለ፤ ከዚያ ወዲያ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ሆነ፦

«ሳይሞት አይወጣም!»

አንድ ቀን እማማ ኤሊ አቧራ ለብሰው፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ መጡ።

«አያ ጃርት፣ የልጄ ልጅ ጉድጓድ ገባችብኝ! ያን ረጅም መጫኛ ቶሎ በል ስጠኝ!»

«ሞታለች?»

«ኧረ ይህ ምን ዓይነት አፍ ነው! እየጮኸች ነው እንጂ!»

«ከጮኸችማ ደህና ናት፣ እማማ። ሳይሞት አይወጣም!»

ጎረቤት ተሰብስቦ ሐረግ ገምዶ አወጣት። እማማ ኤሊ ግን በጃርት ደጅ ባለፉ ቁጥር አንገታቸውን ወደ ውስጥ ስብ ያደርጉት ጀመር።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሚዳቋን ምጥ ያዛት። ባሏ ቃሬዛ ሊለምን እየዘለለ መጣ።

«ሞታለች?» አለው ጃርት።

«ልትወልድ ነው እንጂ!»

«ሳይሞት አይወጣም!»

ምስኪን ባል ሚስቱን አዝሎ ሲሮጥ መንገድ ላይ ተገላገለች። ጃርት ይህን ሲሰማ ትንሽ ከፋው። ግን ድንኳኑን ገልጦ አየው፤ አልተቀደደም። ቃሬዛውንም ዳሰሰው፤ ንጹሕ ነው። እንደገና ቆለፈና ተኛ።

እንዲህ እንዲህ ሲል ክረምት ገባ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ገበያው ጢም ብሎ፣ ፀሐይዋም አናት እየበሳች ሳለ እመት ጦጢት ከጉብታው ጫፍ ካለው ሾላዋ እየተወረወረች ወርዳ ጃርት ዘንድ ደረሰች። ይህች ጦጢት በቀልድ የታወቀች ናት፤ በቀደም ዕለት «ነብር መጣ!» ብላ ገበያውን ሁሉ በትና፣ የወደቀ ሙዝ ስትለቅም ተገኝታለች። ዛሬ ግን አልሳቀችም።

«አያ ጃርት፣ ከዛፌ ላይ ሆኜ አየሁት፤ ደጋው ጠቁሯል፣ ሰማዩ እዚያ ተደፍቷል። ወንዙ ዛሬ ሞልቶ መውረዱ ነው። ለገበያተኛው ብነግረው ሳቀብኝ።»

«አበጀ።»

«እርስዎ ቢናገሩ ይሰማሉ። ሕፃናቱ ሁሉ ታች ናቸው። ድንኳኑንም፣ ገመዱንም፣ እህሉንም አሁኑኑ ወደ ጉብታው እናውጣው።»

ጃርት ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። አንድ ዘለላ ደመና የለበትም።

«የሞተ አለ?»

«እስካሁን የለም።»

«እንግዲያው ሳይሞት አይወጣም!»

«ማታ እኮ ብዙ ሬሳ ይኖርዎታል።»

«ያን ጊዜ ይወጣል» አለና በሩን ቆልፎ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከወንዙ ማዶ ሥራ ሥር ሊቆፍር ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የእድሩ ቤት ሁለተኛ ቁልፍ ነበረው። እሱም ያለው በእድሩ ዳኛ በአያ በሬ እጅ ነው። አያ በሬ ያን ቁልፍ የሚያወጣው ጠባቂውን ራሱን ሞት የነካው እንደሆነ ብቻ ነው። ይህን ደንብ ያወጣው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ጃርት ነው። ጦጢት ደንቡን ታውቃለች።

ጃርት ማዶ ሆኖ አንድ ወፍራም ሥር ነቅሎ ሊገምጥ ሲል ጥሩምባ ሰማ። «ማን ይሆን? ቀበሮ አሞኛል ስትል ነበር» አለ በሆዱ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስም ብሎታል፤ ያ ሲጠብቀው የኖረው ዕቃ ለወጉ ሊወጣ ነው። ሥሩን ጥሎ ሲነሣ ግን የጦጢት ሙሾ ከጉብታው አናት ወረደ።

«አይወጣም እያለ ሲጠብቅ የኖረው፣
ዛሬ ድንኳን ወጣ፣ ምክንያቱ እሱ ነው!

ወይኔ አያ ጃርት! ጉብታው ላይ ወድቀው ቀሩ! ልጅ ያለው ልጁን ይዞ ይውጣ! ለቅሶው እዚህ ነው!»

ጃርት አንገቱን ነካ፤ ቁልፉ አለ። ደረቱን ነካ፤ ልቡ ይመታል። ማዶውን ሲያይ ታች ሰፈር በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ልጁን አዝሎ፣ ሽቅብ ይወጣል። አያ በሬ ድንኳኑንና የእህሉን ጆንያ ተጭኗል፤ ፈረስ ድስቱን፣ አህያ መጫኛውን። መራመድ የማይሆንላቸውን እማማ ኤሊን ደግሞ በቃሬዛው ላይ ጭነዋቸው እሳቸው ከላይ ሆነው ያለቅሳሉ፤ «አፉ ነው እንጂ ልቡ ደግ ነበር፤ እናቱን ያጣ ልጅ ነበር!»

ጃርት ይህን ሲሰማ ጆሮውን ቀሰረ። እማማ ኤሊ ለእሱ ያለቅሳሉ ብሎ አስቦ አያውቅም። ግን ወዲያው ቃሬዛውን አየና ደሙ ፈላ።

«አልሞትኩም! በቁሜ ዕቃዬን ዘረፉኝ! መልሱ! ሳይሞት አይወጣም!» እያለ ወደ ወንዙ ወርዶ በአሸዋው መሐል ሮጠ። በለቅሶው ጩኸት ማን ይስማው።

እኩሌታው ላይ ሲደርስ እግሩ ረጠበ። ዝቅ ብሎ ቢያይ ቀጭን ውሃ ቅጠልና አረፋ ይዞ እየተጫወተ ይመጣል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? ጃርት «ይህች ምን አላት» ብሎ አንድ ሁለት ሲራመድ፣ ከላይ በኩል ምድሩ አጓራ። ግንድ፣ ድንጋይ፣ ጭቃ ተደራርቦ መጣ። አጠገቡ አንድ ግራር ነበርና የራሱን እሾህ ከግራሩ እሾህ አጠላልፎ ተጣበቀበት።

ጉብታው ላይ ለቅሶው ቀጥ አለ። ገበያው የነበረበት ቦታ ጠፋ። የእማማ ኤሊ ቤት ሄደ፣ የሚዳቋ ቤት ሄደ፣ የእድሩ ቤትም ከነጃርት መኝታ ሄደ። ልጅ ያለው ሁሉ ልጁን እየዳበሰ ቆጠረ። የጎደለ አልነበረም። ያኔ ነው ከውሃው መሐል «ኡኡ!» የሚል ድምፅ የመጣው።

«ሬሳው ጮኸ!» ብሎ አያ ጅቦ ጥሩምባውን ጥሎ ከድስቱ ኋላ ገባ።

«ሬሳ አይደለም፤ ውሸቴን ነው» አለች ጦጢት። «አሁን ትቀጡኛላችሁ፤ መጀመሪያ ግን ገመዱን አምጡ!»

አህያ መጫኛውን ሊፈታ ሲል አያ በሬ ቀንዱን ነቀነቀ። በሬ ደንብ አክባሪ ነው፤ ቀስ ብሎ ያስባል፣ ካሰበ በኋላም አይመለስም።

«ካልሞተ ገመዱ እንዴት ይወጣል? ሳይሞት አይወጣም ያለው እሱ ራሱ ነው።»

«እንግዲያው ሟቹን እንጠይቀዋ!» አለችና ጦጢት ወደ ውሃው ጮኸች፦ «አያ ጃርት! ሞተዋል ወይስ አልሞቱም?»

ጃርት ያኔ ውሃው አገጩ ደርሷል። ቁልፉ ተንሳፍፎ አፍንጫው ሥር ይወዛወዛል። የተቆለፈበት ቤት ግን የለም። የኤሊ የልጅ ልጅ ትዝ አለችው፣ እየጮኸች ደህና ናት ያላት።

«ሞቻለሁ!» አለ።

«አልተሰማም!» አለ አያ በሬ።

«ሞቻለሁ አልኳችሁ! ኧረ ከሞትኩ ቆየሁ! ስለ እናቴ ብላችሁ ገመዱን ወርውሩልኝ!»

አያ በሬ «እንዲህ ከሆነ ደህና» አለና መጫኛውን በቀንዱ አሰረ። ጦጢት ጫፉን ይዛ ውሃው ላይ ወዳዘነበለ ዛፍ ዘለለችና ወረወረችለት። መጀመሪያ ሳተ። ሁለተኛውን በጥርሱ ያዘው። አያ በሬ ወደ ኋላ አንድ ሲራመድ፣ ሬሳ ሲያወርድ የኖረው ገመድ ያን ቀን ነፍስ አወጣ።

ጃርትን ከድንኳኑ ሥር አስቀምጠው የራሱን የለቅሶ ንፍሮ አቀረቡለት። ዝናቡ እዚያም ደረሰ፤ ድንኳኑ ግን አልተቀደደምና ጠብ የሚል አልነበረም፤ የታች ሰፈር ልጆች በሙሉ ከሥሩ ተኝተዋል። ጃርት አንድ እፍኝ ንፍሮ ይዞ አለቀሰ። ስለ ውርደት አልነበረም፤ እናቱን ነው ያለቀሰው፣ በቀብራቸው ቀን ያላለቀሰውን።

ውሃው ሲጎድል የእድሩ ዳኛ ፍርድ ሰጠ። ጦጢት በሐሰት ሙሾ ስላወጣች፣ ክረምት በገባ ቁጥር ሾላዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ደጋውን እንድትጠብቅ ተፈረደባት። «ይህ ቅጣት ነው ሹመት?» እያለች ወደ ሾላዋ ወጣች። የእድሩ ቤት ጉብታው ላይ ተሠራ። አያ ጅቦም ጥሩምባውን ለሞት ረዘም፣ ለአደጋ ቆረጥ ቆረጥ አድርጎ መንፋት ተማረ፤ መጀመሪያ መጀመሪያ እያምታታ ሁሉንም አስለቅሶ ነበር።

ጠባቂው ግን ያው ጃርት ነው። ከዕለታት አንድ ቀን እማማ ኤሊ እንደገና እየተንፏቀቁ መጡ።

«አያ ጃርት፣ ያች ልጅ ዛሬም ጉድጓድ ገባች።»

«ሞታ...» አለና ጃርት ምላሱን ነከሰ። ከዚያ በሩን ከፈተና መጫኛውን ትከሻው ላይ ጣለው። «ይምሩኝ፣ እማማ። እኔው እጎትታታለሁ።»

ተረቴን ተቀበሉኝ፤ እኔንም ከዚያ ንፍሮ አንድ እፍኝ አቅምሱኝ። የዚያች ከተማ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ልጆቻቸውን ሲመክሩ እንዲህ ይላሉ፦ ለሞተ ከሚተከል ድንኳን፣ ላልሞተ የሚወረወር ገመድ።